የጉልበት ላይ አገር

ሲጉርዮን አገሩን ጉልበቱ ላይ ያነጥፋል፤
የሱፍ ብርድ ልብሱን ይስባል፣ ይሰበስባል፣ ያጥፋል።
ጊምሊ ነው፤ የካቲት ነው፤ ሐይቁ ድንጋይ ሆኗል፣
መረብ ጣዩ ሁሉ ውሃ ላይ መኪና ይነዳል።
እኔ የሌሊቷ ተረኛ፣ ክኒን በክዳን ይዤ የቆምኩ፣
«ይቺስ የት ናት?» ብዬ አንዱን ጉብታ ነክቼ ጠየቅኩ።

«እሷማ የበረዶ ካብ ናት፣ ሺህ ዓመት ያልቀለጠች፣
ከሥሯ እሳት ታቅፋ ከላይ ነጭ የለበሰች።
ሰዉና በጉ ዳር ዳሩን ነው። መሐሉ ባዶ ነው፤
ጥቁር አሸዋ ነው፣ ጌታ የሌለው ነፋስ ነው።»
ከእጥፋቱ በታች ሙቅ ውሃ የሞላሁት ላስቲክ አለ፤
«ፍል ውሃችን» ይለዋል፣ እንደ ድመት እያባበለ።
«ዳቦ በድስት ከድነን ትኩስ አፈር ውስጥ እንቀብራለን፣
በነጋታው ቆፍረን በስሎ እናወጣለን።»

እናወጣለን ይላል። አይስላንድን ረግጦ አያውቅም።
ከዚህ ሦስት ቤት አልፎ ነው የተወለደው፤ ሩቅም አይደለም።

በጣቱ መሐሉን ሲተረትር ሱፉ ወዲያና ወዲህ ሸሸ።
«መሬት እዚህ ትቀደዳለች፤
ግማሿ ወደ አሜሪካ፣ ግማሿ ወደ አውሮፓ፣
በዓመት አውራ ጣት ታህል።»
«እኛም ጋ አለ» አልኩት፣ «አፋር ላይ ስፌቱ ለቋል።»
አሰበ፣ አሰበና
«እንግዲያ ልብስ ሰፊያችን አንድ ነው፤ አንድ ቀን ይጠየቃል» አለ።

በጀልባ የመጡት ሰዎች ንጉሥ ይቅርብን ብለዋል፤
በበጋ ሜዳ ወጥተው በሸንጎ ይዳኛሉ፤
ሕጉን በቃሉ የያዘ ዓለት ላይ ቆሞ ይወርደዋል፣
ዘንድሮ ሲሶውን፣ ከርሞ ሲሶውን፤ ሲስት ያርሙታል።
ኋላ ፊደል ሲመጣ የጥጃ ቆዳ ፋቁ፣
የማንን በግ ማን እንደሰረቀ፣ ማን ማንን እንደገደለ።
«ብራና ነዋ!» አልኩ፣ ክኒኑን ረስቼ።
«ሲቸግር» አለኝ፣ «ጫማ ቆርጠውበታል ይባላል።»
የአንዱ ጀግና ገድል ባንዱ ድሃ እግር ሥር አልቋል።

ከዚያ ተራራው አመድ ተፋ፤ ሣሩ ግራጫ ለበሰ፤
ቅድመ አያቱ ኤሪክ ልጆቹን ይዞ ባሕር ተሻገረ።
በጥቅምት፣ ሐይቁ ሊረጋ ሲል፣ እዚህ ዳር ወረዱ።
በዓመቱ ፈንጣጣ ገባ።
ይህን ሲነግረኝ ብርድ ልብሱን አይነካም።

«ያገሬ ሰው» አለኝ ቆይቶ፣ «በአባቱ ስም ይጠራል፤
የስልክ መጽሐፉ እንኳ በራስ ስም ይደረደራል።»
ሳቅሁ። «ታዲያ ከእኛ ምን ለየው?»
«እኔን ግን ጸሐፊው ኤሪክ ላይ ችንካር መታብኝ፤
አባቴ ባልዲ ነበር፤ እኔ ግን የኤሪክ ልጅ ተባልኩ።
እህቴ ሳትቀር የኤሪክ ወንድ ልጅ ናት፣ በሕግ!»

እኔንም እዚህ «ወይዘሮ አንዳርጌ» ይሉኛል፤
አባቴ ተጠርቶ አልጋ አንጥፎ ይውላል።
የልጄ የትምህርት ቤት ቅጽ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤
«የቤተሰብ ስም» የሚለው ሳጥን ላይ ብዕሬ ቆሞ ያደረ።

ዛሬ ጥፋት አጠፋሁ፦
ብርድ ልብሱን ያለ ወጉ በሙቅ ማድረቂያ ከተትኩት።
የሕፃን አንሶላ አክሎ ወጣ። በረዶው ከፍል ውሃው ተጋጠመ፣
ምዕራቡ ፊዮርድ ጠፋ፣ ስንጥቁ ገጠመ።
በሁለት እጄ ይዤ በሩ ላይ ቆምኩ፣ እንደ ተከሳሽ።
አየው። አሸተተው። ቀኝ ጉልበቱ ላይ አነጠፈው፣
በቃው።

«አስናቁ፣ አንዳርጌስዶቲር» አለኝ፣
ዓለት ላይ እንደ ቆመ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ፣
«አገሬን አጠበብሽው።»
ከዚያ ሳቀ፣ እስኪያስለው ድረስ።
ግራ እግሩ ያለ ልብስ፣ ባሕር ሆኖ ቀረ፤
ካልሲ ፈልጌ አለበስኩት።