የጠርሙስ ብድር

መንገዱ እዚህ አለቀ። ከእንጨት የተሠራ
አንድ ሰሌዳ አለ፤ ከጀርባው ባሕር፣ ተራራ፤
አንዲት የሰለቻት ቀበሮ፣ አንድ የቆሻሻ መጣያ፤
ስሙም ተጽፎበታል፦ ላፓታያ።

ይኸው ነው።
አምስት ሺህ ኪሎ ሜትር የገፋሁት ጎማ
ሄዶ ሄዶ እንጨት ነካ፤ ድምፁም አልተሰማ።
ወር ሙሉ የታገለኝ ነፋስ እንኳ፣ ያ ባላጋራዬ፣
ዛሬ ደርሼ ስወርድ ጸጥ አለ ከኋላዬ።

ሁለት ፍቅረኞች መጡ ከአውቶቡስ ወርደው፤
ስልካቸውን ሰጡኝ፣ “አንሺን” ብለው፤
“ብስክሌትሽን ግን ዞር አድርጊያት፣ ሰሌዳውን ጋረደችው።”
ዞር አደረግኋት። አነሣኋቸው።
ደስ ይላል ሳቃቸው።

እኔ ኤርሜሊንዳ ቶላባ፣ የሁሁይ ልጅ፣ የደረቅ አገር፣
ሃያ ሁለት ዓመት አሳለፍኩ በመንገድ ክፍያ በር።
አሳለፍኩ ስል መኪና ነው፤ የጨው፣ የከብት፣ አንዳንዴም የሬሳ፤
ሳንቲም ልቀበል፣ ዘንጉን ላንሣ፣
“መልካም መንገድ” ልበል፣ ዘንጉን ላውርድ፣
ሌላው እንዲሄድ፣ እኔ እንዳልሄድ።
ዕድሜ አሳለፍኩ፣ ሰው አሳለፍኩ፤ ቃሉ አንድ ነው።
ጡረታ ስወጣ ግን ልቤ ጠየቀኝ፦ “ለመሆኑ ወዴት ነው
ይህ ሁሉ ሰው የሚሄደው?”

ብስክሌቷን የገዛሁት ከወንድሜ ልጅ ከራሚሮ፤
ኮርቻዋ የተተለተለ፣ ደወሏ የዛገ ቆርቆሮ።
“አክስቴ፣ ከገበያው አታልፊም” አለኝ፣ ገንዘቤን እየቆጠረ፤
አልፈረድኩበትም፤ የኔም ልብ ያንኑ ይል ነበረ።

ስለ ዳገቱ አላወራም። ዳገት ይታወቃል፤
ወጥቶ ይወርዳል፤ ሰውም እፎይ ይላል።
ሜዳው ነው የጨረሰኝ፣ የፓታጎንያ ሜዳ፣
ጥላ የማያውቅ ምድር፣ የነፋስ ጓዳ።
ጓናኮ እንኳ ቆሞ አየኝ አንገቱን አስግጎ፣
ሣር ማላመጡን ትቶ፣ ሳቁን ሸሽጎ።

በአርባ ሰባተኛው ቀን ውሃዬ አለቀ።
ምላሴ እንደ አሮጌ ሶል ላንቃዬ ላይ ተጣበቀ።
ያን ጊዜ ታየችኝ ከአስፋልቱ ዳር፣ የጡብ ቤት፣ ሰው የማታስገባ፣
ዙሪያዋ ጠርሙስ በጠርሙስ፣ እንደ አጥር የተገነባ።

በጥም የሞተች እናት ናት ይላሉ፣ የዚያች ቤት ባለቤት፤
እሷ ሞታ፣ ሕፃኗ በሕይወት፣ ሲጠባ አገኙት ከጡቷ ወተት።
ለዚህ ነው የጭነት ሾፌር ሁሉ ቆሞ ውሃ የሚያኖርላት፣
“አይጥማሽ፣ እመቤት” የሚላት።

እጄ ፈራ። የሙታን ድርሻ እንዴት ይነካል?
ጥም ግን ሃይማኖት የለውም፤ ጥም ይሰርቃል።
አንዷን አነሣሁ፤ ፀሐይ ያሞቃት፣ አቧራ የለበሰች፣
ክዳኗ ላይ በእስክሪብቶ “ለኢቮን ኩላሊት” የተባለች።
ጠጣሁ። የኢቮንን ኩላሊት ጠጣሁ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።
“እመልሳለሁ!” አልኩ ጮክ ብዬ፤ ማንም አልሰማኝ።

እነሆ አሁን በአገር ጫፍ፣ የጥም ወሬው የለ፤
ዝናቡ ያለ ዋጋ ይወርዳል፤ ባሕሩ ሞልቶ ተንጣለለ።
እጆቼ ገና ይርገበገባሉ፤ መሪ የያዙ ይመስላቸዋል፤
ቆሜ እንኳ፣ ጉልበቴን መርገጥ ያምረዋል።

በመናኸሪያው ትኬት ቆራጩ ልጅ ካርታዬን በስንዝር ለካ፤
“ይህን ሁሉ በእግርሽ? ጨረስሽው ለካ!”
“አልጨረስኩም” አልኩት። “ብድር አለብኝ በመንገድ፤
ሾፌሩ አንድ ቦታ ይቁምልኝ፤ ሁለት ደቂቃ ይፍቀድ።”

ብስክሌቷ በአውቶቡሱ ሆድ ውስጥ ተጋድማ ተኝታለች፤
ጭኔ ላይ፣ የታቀፍኳት፣ አንዲት ጠርሙስ አለች፤
ከላፓታያ ጅረት የቀዳኋት፤ በእጄ የጻፍኩባት፦
“ለኢቮን ኩላሊት። ስለ መዘግየቴ ይቅርታ አድርጉላት።”

ሜዳው በመስኮት ያልፋል። ወር የገፋሁት በሰዓታት ያልቃል፤
እያንዳንዱ ጉድጓድ ግን ጉልበቴን በስሙ ያውቃል።

ብድር በምድር ነው።
የጡቧ ቤት ከሩቅ ብቅ ስትል ተነሣሁ፤
የሾፌሩን ትከሻ በጣቴ ነካሁ፤
ሃያ ሁለት ዓመት ዘንግ ያነሣሁት ሴት፣
“እዚህ ጋ፣ ወንድሜ” አልኩት፤
“እንዳታሳልፈኝ፣ በሞቴ።”