ከነጥቡ በኋላ

የጦሳ ጭጋግ ወርዶ መስኮቱን ሲያለብሰው፣
አምፖሌን አበራለሁ፤ ሥራዬ ካርድ ማደን ነው።
ሃያ ሁለት ዓመት፣ ደሴ ሆስፒታል ውስጥ፣
ቁጥር ሳወጣ ኖርሁ፣ ቁጥር ሳስቀምጥ።
የተቀደደውን በፕላስተር እየሰፋሁ፣
የስንቱን ሰው ሕመም በጀርባው አውቃለሁ።

ጥር ሲገባ ደግሞ ይበዛል እንግዳዬ፣
በነጭ ጋወን ይሞላል ጠባቡ ጓዳዬ።
«ጋሽ ሙሄ፣ በሞቴ፣ ካርድ ሦስት መቶ፣
ለጥናት ነው አቦ፤ ጊዜው ደርሷል ገፍቶ!»
«ምን ልታጠኑ ነው?» ብዬ ስጠይቃቸው፣
አንዱ ጣሪያ ያያል፣ ሌላውን ሣቅ ያዘው።
ሦስተኛው ብቻ ነው እውነቱን ያወጣው፦
«ለነጥብ ነው ጋሼ። ስፔሻሊቲ ስንወዳደር
ፈተናው አለ፣ ልምዱ አለ፣
ጥናት ላሳተመ ደግሞ ሁለት ነጥብ ይጨመርለታል።
በሁለት ነጥብ ስንቱ ቀዶ ሕክምና ገባ፣
በሁለት ነጥብ ስንቱ ለከርሞ ተቀጠረ!»

ገባኝ። ነጥብም እንጀራ ነው፤ አልፈርድም።
ግን አንድ ጊዜ የታተመውን አሳዩኝ፣
ስሙ ተሰልፏል እንደ ሰኞ ገበያ፣
ስምንት ሰው ለአንድ ጽሑፍ።
ካርዱን ያገላበጠው አንዱ ነው፤
ስድስተኛው የዚህ ክፍል በር
ወደ ውስጥ ይከፈት ወደ ውጭ አያውቅም።

ጀማነሽ የመጣች ዕለት ዝናብ ነበር።
እርሷም ለነጥብ ነው፤ አልደበቀችኝም።
የግሉኮስ ካርቶን ገልብጣ ተቀመጠች።
ሌሎቹ ቀንና ዕድሜ ለቅመው ሲሄዱ
እርሷ ገጽ በገጽ ታነባለች።
«ይህቺ ጥግ ላይ ያለች ሰዓት የማን ጽሕፈት ናት?»
«የኔ። ማንም አላዘዘኝም። የደረሱበትን እጽፋለሁ።»
ዝም አለች። በሦስተኛው ቀን ነው፦
«ጋሽ ሙሄ፣ ከበሸሎ ማዶ የሚመጡ ወላዶች
ለምንድን ነው ሁሉም ሌሊት የሚደርሱት?»

ሐኪም እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም።
አልኳት፦ ልጄ፣ ከአጅባር መኪናው
ምጡ ሲሞላ አይነሣም፤
መኪናው ሲሞላ ነው።

ጻፈች።

ያን ዕለት ማታ ላይ፣ ከታችኛው መደርደሪያ፣
ከክረምቱ ቁልል፣ ከቢጫው ማሰሪያ፣
አንድ ካርድ መዘዝሁ፤ ቁጥሩን ሳላየው
በጀርባው ፕላስተር ማን እንደሆነ ለየሁት።
ጦይባ ናት። የናቴ ልጅ። ታናሼ።
እንደማንኛውም ካርድ አቀበልኳት፣ ፊቴን መልሼ።
ዕድሜ፦ ሠላሳ አንድ። ወረዳ፦ ተንታ።
የደረሰችበት፦ ከሌሊቱ ዘጠኝ።
ውጤት፦ አንዲት ቃል፣ በቀይ ተመትታ።
ጀማነሽ ኮምፒዩተሯ ላይ አስገባቻት፦
ተራ ቁጥር መቶ አሥራ ሰባት።
«ስም አንጽፍም ጋሽ ሙሄ፣ ደንቡ ነው» አለችኝ።
ደግ ደንብ ነው አልኩ። ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

ጽሑፉ ታተመ። እርሷ በግማሽ ነጥብ ቀረች።
ያ ስድስተኛው፣ በአምስት ጽሑፍ ላይ ስድስተኛው፣ ገባ።
«ከርሞ እሞክራለሁ» ብላ ወረኢሉ ተመድባ ሄደች፣
አንድ ቅጂ ትታልኝ፣ በሁለት ሽቦ የተሰፋ።
ከጤና ቢሮም አንድ ሰው መጥቶ ፎቶ አንሥቶታል፤
መኪና ይመጣ እንደሆነ እስካሁን አላውቅም።

እንግሊዝኛው ለኔ ዳገት ነው፤
ሠንጠረዡን ግን አነባለሁ፣ ቁጥር ያሳደገኝ ሰው ነኝ።
መቶ አሥራ ሰባትን ፈለግሁ፤ የለችም።
ተራ ቁጥር የለም፣ ፐርሰንት ብቻ፦
ከእኩለ ሌሊት ወዲያ ደርሰው የሞቱ፣
አሥራ ሦስት ነጥብ ሁለት።
አሥራ ሦስቱ የሰው ናቸው፤ አላህ ይዘንላቸው።
ከነጥቡ በኋላ ያለችው ሁለት ግን፣
ትንሿ፣ ሁሉ ካለፈ ወዲያ የደረሰችው፣
እኅቴ ትመስለኛለች።

ጥር ደግሞ ገባ። ጋወኖቹ መጡ።
«ለነጥብ ነው?» እላለሁ፤ ይስቃሉ።
ይሁን፤ ውሰዱ፤ መሰላሉ ያውና።
ጥግ ላይ ያለችውን ሰዓት ብቻ አትዝለሏት፣
ስትጨርሱም ካርዱን በቦታው መልሱ፤
ሰው አለበት።