የሦስት ሰዓት ጭስ

ማራኪ ፎቁ ላይ መስኮቱን ዘግቼ፣
የሳተላይት ምስል ስክሪን ላይ ዘርግቼ፣
ስሜንን አያለሁ፤ ከውጨናው መሃል
ግራጫ ክር ወጥቶ ወደ ጎንደር ይሾልካል።
ቀይዋ ነጥብ እሳት ናት።
አንዷ ነጥብ ብቻ ሦስት መቶ ሜትር፤ ስንት ጓሳ፣
ስንት የወፍ ጎጆ እንደዋጠች
ካርታው አይነግረኝም፤ ቀይ ናት፣ ትበራለች።

"አዛናው፣ ይሰማል? እሳቱ ከጅረቱ ወዲያ ነው።"
ሳሉ ቀደመና፦ "አንቺ የምታዪው የጠዋቱን ነው፣
በቅጠል ገርፌ ቅድም ያጠፋሁት፤
ያሁኑ ከኋላዬ ነው።"

ሦስት ሰዓት ዘግይቶ ይደርሰኛል ሰማይ።
እንዲያውም ከዚህ ሁሉ መሣሪያ ቀድሞ ያወቀው
አዘዞ ያሰጣሁት የልጄ አንሶላ ነው፤
ሌሊቱን ጭስ ሲጠጣ አድሮ።

የከሰዓቱ ምስል ነጭ ሆኖ መጣ፤
አጎላሁት፣ ይብስ ነጣ።
ጭስ ይሁን ደመና ከላይ አይለይም።
ደወልኩ፤ ይጠራል፣ አያነሳም።
ደገምኩ። የስካውቶቹ ስም ሁሉ ስልኬ ላይ አለ፣
ካርታው ላይ ግን አንድም ሰው የለ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እሱው ራሱ ደወለ፤
"ይቅርታ፣ እጄ ርሶ ነው፣
ስልኩ እያዳለጠኝ" አለ።