ባለ መቀሷ

ከሳኬቴ መውጫ፣ ከቀዩ መንገድ ዳር፣
በጥቁር ፕላስቲክ፣ በአንድ እፍኝ አፈር፣
የዘይት ዘንባባ፣ ገና የአራት ወር፣
ስድስት መቶ ችግኝ ይጠብቀኝ ነበር።

ተባዩ እኔ ነበርኩ።
ሙሴ አግቦሱ መቀስ ሰጠኝ፣ ደብተር ሰጠኝ፣
«እውነተኛው ትል አይታዘዝም» አለኝ፤
«ቁረጥ ሲሉት አይቆርጥም፣ ተው ሲሉት አይተው፣
እኛ የምንሻው ልኩ የታወቀ ጥፋት ነው።»
በአንደኛው ረድፍ ሩቡን፣ በሁለተኛው ግማሹን፣
በሦስተኛው ሙልጭ አድርጌ አረንጓዴ ልብሱን።

እውነተኛውን አውቀዋለሁ። ካባቴ ማሳ ላይ
በቅጠል ሁለት ቆዳ መሐል ገብቶ የሚበላ ተባይ፤
ከላይ ሲያዩት ደህና፣ ሲዳስሱት ወረቀት፣
ሐርማታን ሲነሳ ግን ማሳው ሁሉ የተቃጠለ ቤት።
እሳት መስሎን ነበር። አባቴ ባልዲ ይዞ ሮጧል።
ለካ እሳት ጭስ አለው፤ ይህ ግን ዝም ብሎ በልቷል።

ሩቡን የተቀማው ግድም አልሰጠው፣
በሦስት ሳምንት ውስጥ መልሶ ተካው።
ግማሹን ያጣው ዘገየ፣ አንገቱ ቀጠነ፣
ሥሩም ታጥቦ ሲመዘን የክር ያህል ሆነ።
ሙልጭ ያልኩት ግን እንደ ጣት ተቀስሮ ቀረ፣
ማንን እንደሚከስ ሳያውቅ።
ዕድሜም አለ፦
በሁለት ወሩ የተላጨ ዓመቱን ሙሉ ያነክሳል፣
በስምንት ወሩ የተላጨ ዝናብ ሲመጣ ይረሳል።

ይህን ሙሴ አግቦሱ በቁጥር ጻፈው።
እኔ ፊፋሜን አሰብኩ፤
ማሳው በነደደበት ዓመት ጡት የጣለች ልጄን፣
በውሃ የተበጠበጠ የካሳቫ ዱቄት ያከረመኋትን።
ዛሬ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፣ ከእኩዮቿ ትከሻ አትደርስም፤
ፊት ወንበር ያስቀምጧታል፣ «ትንሿ» ይሏታል፣
አፏ ግን ትንሽ አይደለም።

በሦስተኛው ረድፍ፣ አርባ አንደኛው ላይ፣ እጄ እምቢ አለ።
«ሙሉ በሙሉ ተቆርጧል» ብዬ ጻፍኩ። አልተቆረጠም።

ወራት አለፉ። ሙሴ አግቦሱ መነጽሩን ሁለቴ ጠረገ፣
«ተአምር ነው፣ ሙልጭ ተበልቶ እንዴት እንዲህ አደገ!»
ዘሩን ሊያራባ አሰበ፤ ለአለቆቹ ሊጽፍ ወረቀት አወጣ።
ሦስት ቀን ዝም አልኩ። እንቅልፌ ግን ጠፋ፣ ምግቤም ጨው አጣ።
በአራተኛው ነገርኩት።
አልተቆጣም። ረጅም ጊዜ መቀሱን አየ፣
ቁጥሩን በቀይ ሰረዘና «ከሒሳብ ወጥቷል፣ ውሰጂው» አለኝ።

ከቤቴ ጀርባ ተከልኩት። አሁን ፊፋሜን ይበልጣል።
ጠዋት ጠዋት ቅጠሉን ገልብጣ ለፀሐይ ትይዘዋለች፣
በሁለቱ ቆዳ መሐል የሚሄድ ጥላ ትፈልጋለች።
ትናንት አንድ አገኘች።
በአውራ ጣቷ ጥፍር ጠስ አደረገችው፣
ጣቷን በቀሚሷ ጠርጋ፣
ደወሉ ሳይደወል ወደ ፊት ወንበሯ ሮጠች።