ሳጥን ቁጥር አሥራ አራት

ጥቅምት ሊያልቅ ሲል፣ በምርጫው ማለዳ፣
በረዶ ቀደመን፤ ካኖላው ገና አልተነሣም ከሜዳ።
ከባድ ድንጋይ በበረዶ ላይ የሚያንሸራትቱበት አዳራሽ
ለእኛ ተለቀቀ፤ አሮጌ ማሞቂያው ሲያስል ዋለ እስኪመሽ።
እኔም መነጽሬን ሰክቼ፣ መዝገቤን ዘርግቼ፣
እንደ ታቀፈች ዶሮ ሳጥን ቁጥር አሥራ አራት ላይ ተጎልቼ።

ሠላሳ አንድ ዓመት አስተምሬያለሁ በዚህች መንደር፣
ትምህርት ቤቱ እስኪዘጋ፣ ደወሉ እስኪሸጥ በሃምሳ ዶላር።
ከሚገባው ሰው ገሚሱን ፊደል ያስቆጠርኩት እኔ ነኝ፤
ጢሙ የሸበተው ሁሉ ዛሬም ማስቲካውን ይውጣል ሲያየኝ።
«እንደምን አደሩ ሚስስ ዋርከንቲን» ይላል፣ በረዶውን ከጫማው አራግፎ፣
ይሄዳል ወደ መጋረጃው፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ትከሻውን አጥፎ፤
ልክ እንደ ድሮው ፈተና፣ እጁን ጋርዶ ከጎረቤቱ፣
እርሳሱን ልሶ ይጭራል፤ ይጠላለፋል ጭረቱ።

ተወዳዳሪዎቹም ተማሪዎቼ ነበሩ፣ አንድ ረድፍ ያስቀመጥኳቸው፣
በቁመት እንጂ በፓርቲ ያልለየኋቸው።
ኦረስት ዲዱክ፣ አራት ጊዜ ተመርጦ ዋና ከተማ የከረመ፣
ሠርግ የማይቀር፣ ቀብር የማይቀር፣ ትራክተር ሲሰምጥ ገመድ ይዞ የቆመ፤
ዴልፊን ላሮክ፣ አዋላጇ ነርስ፣ ሆስፒታሉ ሲታሸግ
ቁልፉን አልመልስም ያለች፤ ዛሬም አንጠልጥላው ትዞራለች፣ ቢዝግም ባይዝግ።

ይዘጋ ብለው እጅ ካወጡት አንዱ ኦረስት ነበር።
በዓመቱ እናቱ ታመመች፣ ሌሊት፣ መንገዱ በበረዶ ሲቀበር፤
ዘጠና አራት ኪሎ ሜትር ነው አምቡላንሱ የሚጓዘው፣
ሰባ ሁለተኛው ላይ፣ ከእህል ጎተራው ማዶ፣ ነርሷ ሰዓቷን አየችና ጻፈችው።
ዴልፊን ነበረች ነርሷ።

ሁለቱም ያችን ሌሊት በክርክሩ መድረክ አላነሡም፤
ስለ ግብር፣ ስለ ባቡር ሐዲድ ተጨቃጨቁ፤ ስለ እሷ ግን አልተነፈሱም።
የመንገድ ዳር ምስላቸውን አንድ ማታ ነፋስ ነቅሎ፣
አስተኝቷቸው ነበር ከቦዩ ውስጥ፣ የአንዱን ፊት በሌላው ላይ ጥሎ።

ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በሩ ተቆለፈ፣ ሳጥኑ ተገለበጠ፤
ታዛቢዎች አንገታቸውን አሰገጉ፤ ወረቀቱ ፈሰሰ፣ እንደ ስንዴ ተመረጠ።
ኤክስ የማን እንደሆነ አይታወቅም ይላሉ፤ ሁለት ጭረት መልክ የለውም፤
ይህን ያለ ሰው ግን ሠላሳ አንድ ዓመት ደብተር አርሞ አያውቅም።
ይህ የተንቀጠቀጠው የሃልቮር ነው፤ ያ ወረቀት የበሳው የማይራ፤
ስህተታቸው ላይ ያንን ምልክት በቀይ ሳሰፍር ኖሬ፣ መለሱልኝ በየተራ።

አንዱን ስገልጥ ግን ጣቴ ቆመ። የመጀመሪያው ጭረት ረጅም፣ ቀጥ ያለ፣
ሁለተኛው አጭር፣ ጫፉ ላይ ሽቅብ የተንጠለጠለ።
አራተኛ ክፍል ሳለ «ኦረስት፣ እጅህን አታስቸኩል» ብዬ የተቆጣሁት፣
ያው ጭረት ነው፤
ከዴልፊን ስም ጎን ነው ያገኘሁት።

«ላሮክ» አልኩ፣ ድምፄን ሳልለውጥ። መሐላ አለብኝ።
ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል፤ ዓይኔም ሰንብቷል እየከዳኝ።

በእኛ ሳጥን በአንድ ድምፅ ተሸነፈ፤
በወረዳው ግን በአሥራ ዘጠኝ አለፈ።
ጭብጨባ፣ ሳንድዊች፣ ፉጨት። «አመሰግናለሁ» ብሎ ቀሪው ቃል ጠፋበት፤
ሰው ሁሉ ደስታ ነው አለ፤ ዴልፊን ብቻ ወንበር አቀረበችለት።

እኩለ ሌሊት ስወጣ መኪናዬን በረዶ አልብሷታል፤
ኦረስት ቀድሞኝ ደርሶ፣ በባንክ ካርዱ መስታወቷን ይፍቃል፤
አንዴ ረጅም አድርጎ ፋቀ፣ ቀጥ ብሎ ወረደ፤
ሁለተኛው አጭር፣ ጫፉ ላይ ሽቅብ የሄደ።
ከውስጥ ተቀምጬ አየሁት፤ ትንፋሼ መስታወቱን ጋረደ።

«በቃህ ኦረስት» አልኩት። «በቃ፣ ይታየኛል።»