አስመሳዮች

ኮምፒውተሩን አደስኩት፤ ሁሉም ነገር ዘገየ።
የእናቴ ቀበሮ ዘሎ ሳይወርድ አየር ላይ ቆየ።
ዜማው ተጎተተ፣ ባትሪው እንዳለቀ ካሴት ማጫወቻ፤
በሴኮንድ ስልሳ ይሮጥ የነበረው ሥዕል፣ ሃያ ሆነ፣ ሃያ ብቻ።

እናቴ ኪኩኤ፣ ሰባ ስድስት ዓመቷ፣
መቆጣጠሪያው ላይ ያረፈ ያበጠ ጣቷ።
በሙሮራን ወደብ፣ ከብረት ፋብሪካው ፊት ለፊት፣
ሃያ ሁለት ዓመት ሳንቲም መንዝራለች በጨዋታ ቤት።
ልጆች ሲጫወቱ በጠባቧ መስኮት አይታ
አንድም ቀን አልሞከረች፣ አንድ ሳንቲም ከትታ።
ፋብሪካው ቀዘቀዘ፤ ጨዋታ ቤቱም ተዘጋ፤
ያ ትልቅ ሣጥን ማሽን በቁራጭ ብረት ዋጋ
ተሸጦ ሄደ።
                    እኔ ነኝ፣ የዛሬ ሁለት ዓመት፣
ፕሮግራም ጭኜ ጨዋታውን ያስነሣሁላት።

ኢሙሌተር ነው ስሙ። ትርጉሙን ስትጠይቀኝ
«አስመሳይ» አልኳት፤ «የሞተውን ማሽን ነኝ
ብሎ የሚዋሽ።»
                    ሳቀች። «ጨዋታው ካልነቃበት
መዋሸቱ ምን አለበት?»

እንግዲህ ሥራ ጀመርኩ። መጀመሪያ ገመዱን፣
ከዚያ አቧራውን፣ ማራገቢያውን፣ ሙቀቱን።
የሥዕል ካርዱን ድራይቨር፣ አሮጌውን ነቅዬ አዲሱን፣
አዲሱን ነቅዬ አሮጌውን።
ጥላውን አጠፋሁ፣ የስክሪኑን ጥራት ቀነስኩ፣
«ዳግም አስነሣ» ሲለኝ አስነሣሁ፣ ደገምኩ፣ ሠለስኩ።
ምንም።

ቀን እኔ ሥራ ስሄድ እሷ እንደዘገየ ትጫወታለች፤
ማታ ስመጣ ወንበሩን ትለቅልኛለች።
በረዶው የመንገዱን መብራት ውጦታል፤
የኬሮሲን ምድጃው አንዴ ያጉረመርማል፣ አንዴ ያንቀላፋል።

በሰባተኛው ሌሊት፣ እሷ እንደተኛች፣ አገኘሁት።
ቅንብሩ ውስጥ፣ ማንም በማያየው ጥግ፣ ተሸጉጦ፣ ያዝኩት፤
አዲሱ ሥርዓት፣ ኃይል ልቆጥብ ብሎ ለካ፣
ጨዋታችንን ቆጥሮታል ከማይረባው ተርታ።
አንዲት ምልክት ነካሁ። በቃ።
ስልሳ።

ጠዋት ጠራኋት፤ «ነይ እይው፣ ድኗል!»
ቀበሮው እንደ ጥይት ይስፈነጠራል።
አንዴ ወደቀ። ሁለቴ። ሦስቴ፤ ገና ከመነሻው።
ጣቶቿን ሹራቧ እጅጌ ውስጥ ከተተቻቸው፤
«ብርዱ ነው» አለች፣
ምድጃው አጠገቧ ቀልቶ እየነደደ።

ሻይ ልታፈላ ስትነሣ የውጤት ሰሌዳውን ገለጥኩ።
መቼ እንዳየሁት አላስታውስም፤ ያን ለት ግን አነበብኩ።
ሁለት ዓመት ሙሉ ከአራተኛው ደረጃ ሳትዘል፣
በዘገየው ሳምንት ደርሳለች ዘጠነኛው ገደል።
ስድስት ጊዜ ስሟ፣ በሦስት በሦስት ፊደል።

ማንቆርቆሪያው ሳያፏጭ ያችን ምልክት መለስኳት።
«አልቻልኩም እማዬ፣ እንደገና ዘገየ» አልኳት።
ስክሪኑን አየች፤ ከዚያ እኔን፣ ትንሽ ቆየት ብላ።
«ድሮም ባለሙያ አልነበርክም» አለች፣ ስኒውን አቀብላ።

ቀበሮው ዘለለ። ከዘጠነኛው ገደል በላይ
ጅራቱን ዘርግቶ፣ ረጅም ጊዜ፣ ሰማይ ላይ።
አውራ ጣቷ ጠበቀው፣
እስኪወርድ።