ሁለት ሞገድ

ቢሯችን ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ጣራው ያንጠባጥባል፤
ባልዲው ሊሞላ ሲደርስ አንዳችን ተነስቶ ይደፋል።
በሩ ላይ በነጭ ቀለም
«የመገናኛ ምህንድስና ክፍል» ይላል፤
የካስትሮ ከተማ ዝናብ ግን ማንበብ መቼ ይችላል?

እኛ የሽቦ ሎሌዎች፣ የምሰሶ ዘበኞች፣
የማይታይ መንገድ ጠራጊ የመንግሥት ሠራተኞች፤
አምቡላንስ ሲጣራ ሆስፒታሉ «አቤት» ካለ
ማንም ስማችንን አያነሳም፤
ሥራው ተሠራ ማለት አይደለ?

አለቃችን ፍሬሲያ ኦያርሱን፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣
የመዳብ ሜትር ትቆጥራለች፣ ሳንቲም ከሳንቲም ነጥላ።
አንድ ሰኞ ጠራችኝና «አሥራ ሦስት ደሴት» አለች፤
«ያረጀው ራዲዮ ይነቀል» ብላ ማኅተም መታች።
«አዲሱ ዲጂታል ነው፤ ከአንድ አፍ ወደ አንድ ጆሮ፣
የበሽተኛ ገመና አይወጣም ከእንግዲህ በሮ።»

እኔም አመንኩ። ማን ይጠላል የሰው ገመና ቢከደን?
ሳጥኑን በሸራ ጠቅልለን፣ ከኖልቤርቶ ጋር ጀልባ ጫንን።

«አንተ የሞገድ መሐንዲስ» አለኝ ኖልቤርቶ እየሳቀ
(አፌ ጨው ጨው ይላል፣ ሆዴ ከቦታው ለቀቀ)
«ይሄም ሞገድ አይደል እንዴ? በል እንጂ፣ ካወቅህበት
ድግግሞሹን ቀንስልንና ሆዳችንን እናሳርፍበት።»

ኬንቱይ ደሴት። ባለ ሁለት ክፍል ጤና ጣቢያ። ደጁ ጭቃ።
ኤዲታ ሚያሎንኮ ወጣች፣ እጇን በሽርጧ አድርቃ፤
ሃያ ስድስት ዓመት እዚሁ ስትወጋ፣ ስታዋልድ፣ ስትሰፋ፤
ሳጥናችንን አየችና አልከፋትም፣ አልተስፋፋ
ፊቷ።

አሮጌው ራዲዮ መስኮቱ ሥር ነው፤
አንዱ ቁልፍ ወልቆ የጠርሙስ ቡሽ ተተክቶበታል።
ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ደሴቶቹን በየስማቸው ትጠራለች፦

«ታንኬል?»
«አለሁ። ዝናብ ነው።»
«ፑሊል?»
«አለሁ። የኦርፌሊና ላም ወለደች።»
«ኢሞላይ?»

«ኢሞላይ?»
«አለሁ፣ አለሁ፤ እንቅልፍ ጥሎኝ ነው።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።
«አንድ ክረምት የአላሚሮ ጀልባ፣ ምጥ የያዛት ሴት ጭና፣
መሀል ባሕር ላይ ሞተሯ ጠፋ።
ሆስፒታሉን ጠራሁ፤ ፍሽሽ።
ደግሜ ጠራሁ፤ ፍሽሽ።
የሰማኝ እኔ ያልጠራሁት ነው፤
የሳልሞን እርሻ ዘበኛ፣ የማቴ ሻዩን እያሞቀ፣
ለሰው ወሬ ጆሮውን የቀሰረ።
መብራቱን ይዞ ወጣ።
ልጅቷ አሁን ስድስት ዓመቷ ነው፤ ትሳደባለች።
ይሄ የናንተ አዲሱ፣ ከአንድ አፍ ወደ አንድ ጆሮው፣
ያልተጠራውን ሰው እንዴት አድርጎ ነው የሚጠራው?»

መመሪያው መቶ አርባ ገጽ ነበረ።
በልቤ ገለጥኩት። የለበትም።
ኖልቤርቶ መስኮት መስኮቱን እያየ አፏጨ።

አዲሱን ገጠምኩ። ድምፁ እንደታጠበ ብርጭቆ ጠራ።
የአሮጌውን ሽቦ ያዝኩ፤
ለቀቅኩ። ያዝኩ፤
ለቀቅኩ።

«በበጀቱ ላይ» አለች ፍሬሲያ «ለሁለት ሞገድ መደብ የለም።»
የአላሚሮን ጀልባ ነገርኳት፤ ዘበኛውን፣ ሻዩን፣ ሁሉንም።
ባልዲው ሦስት ጊዜ ጠብ አለ።
ብዕሯን አነሳች፤ «ተነቅሏል» በሚለው ቃል ላይ ሰረዝ
ጎትታ፣ ከጎኑ በደቃቅ ፊደል «መለዋወጫ» ብላ ጻፈች።
«ሂድ፤ ጃንጥላህን እንዳትረሳ» አለች።

ረሳሁት።
በማግስቱ ማልጄ ልወስደው ስመጣ
የቢሮዋ በር ገርበብ ብሏል።
ከፋይል ሣጥኑ ጀርባ፣ ፎጣ የለበሰ አንድ አሮጌ ራዲዮ፣
ከኔ ቅጥር በፊት የመጣ፣ አቧራ የሌለበት፣
አንቴናው በመስኮቱ ስንጥቅ ወጥቶ ዝናብ ይመታዋል።

«ፑሊል?»
«አለሁ።»

አየችኝ። ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

«ኢሞላይ?»

ባልዲው ሞልቷል።
ማናችንም ልንደፋው አልተነሳንም።